ደብረ ወርቅ የተላከችው ሚስት

አምበር አካባቢ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ ሐኪም ቤቱም «ከእንግዲህ ወደ ቤት ውሰዱት» ካለ በኋላ የምትጠራ ሴት አለች። እትዬ የብርጓል ትባላለች። ቁስል እንዴት እንደሚታጠብ፣ የደረቀ አፍ በጥጥ እንዴት እንደሚረጥብ፣ ጀርባው የተላጠ በሽተኛ ሳይጮህ እንዴት ከጎን ወደ ጎን እንደሚገለበጥ ታውቃለች። ከደብረ ማርቆስ የምትመጣው ነርስ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትደርስ የቀረውን ቀን የምትሸፍነው እሷ ናት። ጫማዋን ደጅ ታወልቃለች፤ እጇን ትታጠባለች፤ ከዚያም ለበሽተኛው እግዜር ይማርህ ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«ሚስቱ ታውቃለች?»

በሽተኛዋ ሴት ከሆነች ባሏ ያውቅ እንደሆነ ትጠይቃለች። ሰዎች ይህን ጥያቄ አይወዱትም። በእኛ አገር ክፉ ነገር በአንድ ጊዜ አይነገርም። መርዶ እንኳ የራሱ ወግ አለው፤ ዘመድ የሞተበት ሰው ሳይሰማ ይሰነብታል፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሩ ተንኳኩቶ ነው የሚረዳው። እስከዚያ ድረስ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ከሰው ጋር ይስቃል። ይህን ደግነት እንለዋለን። እኔም እዚያው ተወልጄ ስላደግሁ ደግነት ነው ብዬ ኖሬያለሁ። እትዬ የብርጓል ግን ሌላ ስም ሰጥታዋለች። ክህደት ትለዋለች።

ታሪኩን የነገረችኝ ባለፈው ዓመት እናቴን ልጠይቅ አገር ቤት የሄድኩ ጊዜ ነው። አጥር ለአጥር ጎረቤታሞች ናቸው። የልጅነቴ ባሕር ዛፎች ተቆርጠው ቦታው ድንች ተዘርቶበት ነበርና መንደሩ ራቁቱን የቀረ መሰለኝ። ከድንቹ ዳር ተቀምጣ አረሙን እየነቀለች ቀስ ብላ ነገረችኝ። አንዳንዱን ደግሞ ከእናቴና ከሌሎች ሰማሁት።

የብርጓል ከባሏ ከገዳሙ ጋር በሰማንያ ስትጋባ ገና ልጅ ነበረች፤ እሱ ጢሙን የላጨ ጎልማሳ። መጀመሪያ እንደ አባት ፈራችው፤ ቆይታ እንደ ባል ወደደችው። ገዳሙ ንግግር የማያበዛ፣ ለበሬው እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ገበሬ ነበር። አንድ ወንድ ልጅ፣ አበባው፣ ወለዱ። ሌሎች ሁለት ቀበሩ።

ከድሮ ጀምሮ በመካከላቸው አንድ ቃል ነበር። ንስሐ ገብተው አብረው ሊቆርቡ። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት እድሜያቸው ሲገፋ አንድ ላይ ከቆረቡ ጋብቻቸው ከሰው ውል ያልፋል። አይፈታም። አንዱ ቢሞት እንኳ ሌላው ዳግመኛ አያገባም ይባላል፤ እዚያ ሰፈር ይህን የሚጠራጠር የለም። የብርጓል ከወርቅም ከመሬትም አስበልጣ የምትመኘው ይህንኑ ነበር። የገዳሙ መሆን፣ በምድር ብቻ ሳይሆን።

ገዳሙ ግን ቀን ያሻግራል። መጀመሪያ «አበባው ይዳር» አለ። አበባው ተዳረ፤ ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሥራ ያዘ። ቀጥሎ «ከወንድሜ ጋር በድንበር ተቀያይመናል፤ በቂም አይቆረብም» አለ። ታረቁ። ከዚያ «እንግዲህ ከአጨዳ በኋላ» አለ፤ አጨዳ ደግሞ በየዓመቱ አለ።

እሷ ግን አልተቀመጠችም። ጥጡን ራሷ ፈትላ ሁለት ጋቢ አሠራች፤ ጥለት የሌላቸው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አኖረቻቸው። በየበዓሉ እያወጣች ፀሐይ ታስመታቸዋለች። የሰፈሩ ሴቶች ያሾፉባታል።

«የብርጓል ባሏን ሳይሆን ጋቢውን ነው የምታቆርበው!»

«ዝም በሉ። ጋቢው ቀድሞ ከመነነ ባለቤቱ ይከተላል» ትላቸዋለች።

የገዳሙ ሕመም የጀመረው በክረምት ነው። ሆዴን አለ። አጥንቱ እስኪቆጠር ከሳ። አበባው መጥቶ ደብረ ማርቆስ ወሰደው፤ እሷም አብራ ሄደች፤ ግን ሐኪሙ ጋ ሲገቡ እሷን ከጓዙ ጋር ደጅ አስቀመጧት። እቃ ጠባቂ ያስፈልጋላ! ሲወጡ የአበባው ዓይን ቀልቶ ነበር።

«ምን አሉ?»

«ጨጓራ ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ! ጨጓራማ ቀላል ነው» አለች።

ነቀርሳ ነበር፤ ጉበቱ ጋ ደርሷል። ሐኪሙ ለልጁ ነገረ፤ ልጁ ለአባቱ ነገረ። አባትና ልጅ ተመካክረው ለእናት ጨጓራ አወጡላት። እሷም ተልባ ወቀጠች፤ በርበሬ ከቤቷ አጠፋች። አልበላም ሲላት ትቆጣዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጨጓራ እንደ ሕፃን ነው፤ ካላባበሉት አይተኛም። ጉረስ!»

እሱም ይጎርሳል። እሷ ዘወር ስትል ከአልጋው ሥር ባለው ጣሳ ያስመልሳል። ጣሳውን እሷ ሳታይ የምትደፋለት ደግሞ ጎረቤቷ ነበረች። ይህን ሁሉ ያወቀችው በኋላ ነው።

ሲስተር ዘመናይ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ መዳን የማይችሉ በሽተኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ስቃያቸውን የሚያስታግስ አንድ ማኅበር አለ። እዚያ ነው የምትሠራው። ቀጠን ያለች፣ ሣቂታ ልጅ ናት። ለየብርጓል «ለጨጓራው ክትትል የመጣች ነርስ» ተብሎ ተነገራት። ልጅቱ ሽሮፕ ይዛ መጣች፤ የገዳሙም ጥርስ መፋጨት ቆመ። የብርጓል በደስታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ እናትና ልጅ ሆኑ። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን እንኳ ዘመናይ ከአምበር በእግሯ መጥታለች፤ የብርጓል ጭቃውን ከእግሯ አጥባላት፣ ትኩስ ወተት አጠጥታታለች፤ የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ የሽምብራ ቆሎ በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥርላታለች። ዘመናይም ማገላበጡን፣ አፍ ማጽዳቱን፣ አንሶላውን በሽተኛው ሳይነሣ መቀየሩን አስተማረቻት።

«እጅሽ ቀላል ነው፣ እትዬ። ነርስ መሆን ነበረብዎ» ትላታለች፤ አንቺና እርስዎን እያደባለቀች።

«ልጄ ነርስ ከሆነችልኝ እኔ ምን አደርጋለሁ!»

ኅዳር ገባ። ጤፉ ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን ገዳሙ ከአልጋው ላይ ሆኖ ጠራት።

«ለደብረ ወርቅ ማርያም ጥላ ተስዬ ነበር። አበባው ገዝቶ ልኮታል። አድርሽልኝ።»

«አሁን? ጤፉ ሳይታጨድ? አበባው አይወስደውም?»

«ስለት በሰው አይላክም።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺ እኔ ነሽ» አላት።

እንዲህ ያለ ቃል ከገዳሙ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ቅዳሜ ማለዳ ጥላውን በነጠላ ጠቅልላ ተነሣች። ዘርፉ እንዳይበጠስ በሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋው ሄደች። ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ደብረ ወርቅ ገባች፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካሉ አንዲት መነኩሲት ዘንድ አደረች። እሁድ ቅዳሴ ቆማ አስቀደሰች። ጥላውን ሰጠች። ካህኑ ተቀብለው ሲዘረጉት ሴቶቹ እልል አሉላት። ግንባሯን መሬት አስነክታ «ጨጓራውን ማሪልኝ፤ ከአጨዳ በኋላ አብረን እንድንቆርብ አብቂን» ብላ ጸለየች።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ገዳሙ ጠጉሩ ተላጭቶ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ጋደም ብሏል። ፊቱ በርቷል።

«አድርሼ መጣሁ! ምነው እንዲህ አማርክ?»

በዓይኑ ብቻ ፈገግ አለ።

«እግርህን ልጠብህ።»

«ዛሬ ይቅር። በርዶኛል።»

ማርያም ሰምታናለች ብላ ደስ አላት። በዚያ ሳምንት ለእያንዳንዱ አጫጅ ስለ ደብረ ወርቅ ስታወራ ሰነበተች፤ ሁሉም «ተመስገን» እያሉ ሰሟት።

ገዳሙ ጥር ላይ፣ ጠዋት፣ ወደ ግድግዳው አዙራ ስታስተኛው በእጇ ላይ ሞተ። አላመነችም። ጨጓራ ሰው አይገድልማ! ዘመናይ ትጠራልኝ እያለች ጮኸች። ኋላ የሚገንዙት ሰዎች ሲመጡ ሣጥኑን ከፍታ ከሁለቱ ጋቢዎች አንዱን አወጣች። አብረን ሳንቆርብበት ቢቀርም ይልበሰው አለች። ስትዘረጋው ከጫፉ ላይ የሰም ጠብታ አየች፤ ምስር ክክ የምታክል፣ ቢጫ። በጥፍሯ ፋቀችው። ጧፍ ከየት መጣ ብላ አሰበች፤ ግን ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ ጋቢውን ከእጇ ወሰዱት።

ያወቀችው ለቅሶ ላይ ነው። ዳሱ ሞልቶ ሳለ አያ ውበቱ፣ የገዳሙ የቅርብ ጓደኛ የሆኑት ሽማግሌ፣ ሊያጽናኗት አጠገቧ ተቀመጡ።

«በቃሽ የብርጓል። መልቀስስ ሳይሰናዳ ለሞተ ነው። ገዳሙ እንደሆን ቆርቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ እኛው ተሸክመን ወስደን፣ እኛው ተሸክመን መልሰነው… እንዲህ ያለውን አሟሟት ለእኔም ባደረገልኝ።»

እንባዋ ቀጥ አለ።

«መቼ?»

«እሁድ ነዋ፣ ያኔ አንቺ ደብረ ወር…»

ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ። የብርጓል ዙሪያዋን አየች። ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከሁሉም ያቆሰላት ይህ ነው ትላለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም ፊት አልደነገጠም። ሁሉም ያጎነበሱት ለእሷ አፍረው ነው። እሷ ደብረ ወርቅ ቅዳሴ ቆማ «አብረን እንድንቆርብ» እያለች ስትለምን፣ በዚያው ሰዓት እሱ ከሣጥኗ በወጣ ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጧፍ በርቶለት፣ ለብቻው ይቆርብ ነበር።

ከሰልስት በኋላ የንስሐ አባታቸውን አባ አካለ ወልድን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠብቃ ያዘቻቸው።

«አባ፣ የእኔም የንስሐ አባት ነዎት አይደል?»

«ነኝ እንጂ፣ ልጄ።»

«ታዲያ እኔን ትተው እንዴት ለብቻው አቆረቡት?»

«የሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው ሥጋ ወደሙን ስጡኝ ሲለኝ ልከልክለው?»

«አይከልክሉት። እኔን ይጥሩኝ ነው የምልዎ። እግር አለኝ። ጋቢ አለኝ።»

«በንስሐ የተነገረኝን…»

«እሱ የነገረዎትን አልጠየቅሁም!»

አባ መስቀላቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ። እሷ ግን ሳትሳለም ዞራ ሄደች። የሰፈሩ ሰው ይህንን ከሞቱ በላይ አወራው።

ነገሩን የፈታላት አበባው ነው፤ እሱም ስትጮህበት፣ ጨንቆት።

«አባዬ ነው እንዲህ ያለው፣ እማዬ። ‹እናትህ ገና ናት። በልጅነቷ ነው የወሰድኳት፤ ከሞትኩም በኋላ አላሥራትም። አብረን ከቆረብን ብቻዋን ታስራ ትቀራለች። ብትሰማ ደግሞ እምቢ አትልም፤ እሷን የማውቃት እኔ ነኝ› አለኝ። አስምሎኝ ነው።»

የብርጓል ሣቀች። የሣቋ ድምፅ አበባውን አስፈራው።

«ለማን ሊድረኝ ነበር? ስሙንም ነግሯችሁ ከሆነ ንገረኝና ልሰናዳ!»

«እማዬ…»

«አንቺ እኔ ነሽ ብሎኝ ነበር። እኔ እሱ ከሆንኩ ለምን እኔ ብቻ ሳላውቅ?»

ዘመናይ ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው መንገዱ ተከፍቶ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሊያቅፋት የሄደው የብርጓል እጅ መሐል ላይ ቆመ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የቆረበ ለትስ?»

«መንገድ ላይ ሕመሙ እንዳይነሣበት ቅዳሜ መጥቼ አደርኩ» አለች።

«የት አደርሽ?»

«እዚሁ።»

«የት እዚህ?»

«መደቡ ላይ።»

የእሷ መደብ ነው። የእሷ አጎዛ፣ የእሷ ትራስ።

«በሽተኛ የነገረኝን ያለ ፈቃዱ ለማንም መናገር አልችልም፣ እትዬ። ሥራዬ ነው። ግን አንድም ቀን ጨጓራ ነው ብዬ አልዋሸሁዎትም።»

«አልዋሸሽም። እኔ ጨጓራ ጨጓራ ስል ግን ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ። ወተቴን እየጠጣሽ።»

ዘመናይ አለቀሰች። የብርጓል አላባበለቻትም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ልጄ» ብላ ጠርታት አታውቅም፤ ሲስተር ትላታለች።

በተዝካሩ ማግሥት አበባው በአባቱ ስም ለማኅበሩ አልጋና ፍራሽ ሊሰጥ አሰበ። ከፍ የሚልና ዝቅ የሚል አልጋ ነው፤ ከበሽተኛ ቤት ወደ በሽተኛ ቤት የሚዞር። ማኅበሩም የሟች ቤተሰቦችን ሰብስቦ የሚያመሰግንበት ቀን ስላለው እናት መጥታ በእጇ እንድታስረክብ ጠየቁ። «ውለታውን የበላው እሱ ነው። እሱ ይመልስ» ብላ ቀረች።

በሙት ዓመቱ ደግሞ ሌላ መጣ። አያ ውበቱ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። አምበር ላይ ወፍጮ ቤት ያለው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ልኳቸው ነው። ጠላ ቀረበላቸው። ስለ ዝናብ አወሩ፤ ስለ ማዳበሪያ አወሩ፤ ከዚያ አያ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቼም ይቺ ቤት ምሰሶ ያስፈልጋታል።»

«ምሰሶዋ ምን ሆነ? ቆማ የለ እንዴ?»

«እንደው ለነገሩ ነው። ሰውየው ደግ ነው፤ ጠላ እንኳ አያበዛ። ገዳሙም ቢሆን ነፍሱን ይማረውና ፈቅዶልሽ ነው የሄደ። እንዳትታሠሪ ብሎ አይደል ብቻውን የቆረበው? አገር ያውቃል።»

«አያ ውበቱ፣ ያን ዕለት ቃሬዛውን በየት በኩል ነበር የያዙት?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «በራስጌ።»

«በራስጌ ይዘው እሱን ለብቻው ዳሩት። አሁን ደግሞ እኔን ሊድሩ መጡ። እንደው በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መሆን አይበዛብዎትም?»

አንደኛው ሽማግሌ ሣቁ አመለጠው። ጠላቸውን ጠጥተው ወጡ። እሷ ግን በሩን ዘግታ አምርራ አለቀሰች፤ የገዳሙ ምሥጢር ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን ያወቀችው ያን ቀን ነው። ሞቱን ብቻ ሳይሆን ሴትነቷንም አገሩ ተነጋግሮበታል።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት ሲስተር ዘመናይ ከአጥሩ በር ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም።

«ለእኔ ብለው አይደለም፣ እትዬ። ባዘዘው ጀርባው ተላጧል። ማሬ ብቻዋን መገልበጥ አልቻለችም፤ ስትነካው ይጮኻል። እኔ እስከሚመጣው ሳምንት አልመለስም።»

ማሬ ከወንዙ ማዶ ያለች፣ ከየብርጓል ታናሽ የሆነች ሴት ናት፤ ባዘዘው ባሏ ነው፤ በሬ በመግራት የታወቀ ብርቱ ሰው። የብርጓል ነጠላዋን አነሣች። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ጠየቀች።

«ማሬ ታውቃለች?»

ዘመናይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። መልሱ ይኸው ነበር።

ማሬ በር ላይ ተቀበለቻቸው፤ እጇ የቅቤ ቅባት ነክቶታል። «ይህ ወገቡ ነው አልተወው ያለ፤ በሬ ሲገራ ጊዜ የተጎዳው» አለች። አልጋው ያው ከፍ የሚለውና ዝቅ የሚለው አልጋ ነበር፤ አበባው በአባቱ ስም የሰጠው። የብርጓል ብረቱን በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ማሬን ውኃ አሙቂ ብላ ወደ ጓዳ ላከቻትና ባዘዘውን ቀስ አድርጋ አዞረችው። አልጮኸም።

«እትዬ የብርጓል» አላት ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። የአያ ገዳሙ ዓይነት ነው።»

«አውቄዋለሁ።»

«ለማሬ እንዳትነግሪያት። አባን አነጋግሬያለሁ፤ እሁድ ይወስዱኛል። አንቺ ማሬን ይዘሽልኝ ደብረ ወርቅ ሂጂልኝ። አንቺ ካልሽ እምቢ አትልም። እንደ አያ ገዳሙ በደግ ልሂድ፤ እሷም አትታሠር።»

የብርጓል እጇ ከቁስሉ ላይ ቆመ። የገዳሙ ክህደት ወግ ሆኗል ለካ! የሰፈሩ ወንዶች ደግ አሟሟት ብለው እየተቀባበሉት ነው። እሷ ደግሞ ሚስቲቱን ይዛ የምትሄደው ሆናለች። አጥባ ጨረሰች። ሻሹን ዘረጋች። ሁሉን በሥርዓቱ ከፈጸመች በኋላ ፊት ለፊቱ ዞራ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ የእሱ ፈቃድ ነው፤ ልንገራት ማለት አይቻልም» አለች ዘመናይ ከበስተኋላዋ።

«የማልሽ አንቺ ነሽ፣ ሲስተር። እኔ አልማልኩም።» ከዚያ ወደ ባዘዘው ዞረች። «ስማ ባዘዘው። አልነግራትም። ደብረ ወርቅም አልወስዳትም። የምትነግራት አንተ ነህ።»

«ታለቅስብኛለች።»

«ታልቅስ። ልቅሶው የእሷ ነው፤ ለምን ትወስድባታለህ?»

«እንዳትታሠር ብዬ እኮ…»

«እሠሩኝ ብላ እንደሆነስ? ጠይቀሃታል? እኔን ያልጠየቀኝ ሰው ሞቶ ጋቢውን ስዘረጋ የጧፍ ሰም አገኘሁበት። በጥፍሬ ፋቅሁት። እስካሁን ጥፍሬ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። አንተ ዛሬ ታርፍ ይሆናል፤ እሷ ግን እድሜዋን ሙሉ ወደ ኋላ እየተመለሰች ‹ያን ቀን እንዲህ ያለኝ ውሸቱን ነበር? የሣቀውስ?› እያለች ትቆጥራለች። አንድ ውሸት መስሎሃል። ያለፈውን ሁሉ ነው የሚበላው።»

ባዘዘው ዓይኑን ጨፈነ።

«ጥሪያት» አለ።

የብርጓል ማሬን ጠርታ ዘመናይን በክንዷ ይዛ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል። ቤት ውስጥ ማሬ ጮኸች። ጩኸቱ አጥሩን አልፎ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ዘመናይ ልትገባ ስትል የብርጓል አጥብቃ ያዘቻት።

«ተያት። የራሷ ነው።»

ይህ ጩኸት ለእኔ ይገባኝ ነበር ስትል አሰበች፤ እሱ በሕይወት እያለ፣ እየሰማኝ። ቆይቶ የማሬ ድምፅ እየተቆራረጠ፣ እያለቀሰችም እየተቆጣችም መጣ።

«ወገቤን ወገቤን እያልክ ያን ሁሉ ቅቤ አስጨረስከኝ! የልጅቱን ጠጉር እንኳ አልቀባሁበት! አንተ ውሸታም!»

የባዘዘው ደካማ ሣቅ ተሰማ።

እሁድ ዕለት ባዘዘውን በቃሬዛ ሲወስዱት ማሬ ከጎኑ ነበረች፤ «እታሠራለሁ፤ ማን ጠየቀህ?» ብላዋለች። የምትለብሰው ነጭ አልነበራትም። የብርጓል ሣጥኗን ከፍታ የቀረውን ጋቢ አውጥታ አለበሰቻት። ራሷ ከደጀ ሰላሙ አልፋ አልገባችም፤ ሁለቱ አብረው ሲቆርቡ በሩቁ ቆማ አየች። ኋላ ማሬ ጋቢውን አጥባ ልትመልስላት ብትመጣ አልቀበልም አለች። «ለሁለት የተሠራ ነው፤ ለአንድ ሰው አይሆንም።»

እኔም፣ እድሜዬ ሲገፋ የሰውን ታሪክ በሰላም መጨረስ የምወድ ሰው ሆኛለሁና፣ ገዳሙን ይቅር ብለሽዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ምናልባት በልብሽ ታውቂው እንደነበርስ? አልኳት። አረም የያዘ እጇን አንሥታ አየችኝ።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉኝ፤ አንተም የተማርከው ይህንኑ ነው? አላውቅም ነበር። ባውቅ ጉረስ እያልኩ አላስጨንቀውም ነበር።»

ከዚያ ወደ ድንቿ ተመለሰች።

«መቁረቡን ደግ አደረገ። አባም ሥራቸውን ሠሩ፤ ሲስተርም ሥራዋን ሠራች። ያቺ ጥላ ግን… ስለት ነበረበት ወይስ እኔን ማራቂያ ነበረች? እውነት ከሆነች ‹አንቺ እኔ ነሽ› ያለኝም እውነት ነበር ማለት ነው። ውሸት ከሆነች ደግሞ እመቤቴ ፊት ውሸት አሸክሞ ሰደደኝ። የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።»

በየኅዳሩ ደብረ ወርቅ ትሄዳለች። ጤፉ ሳይታጨድ፣ ሰው እያማት። ካህናቱ ታቦት አጅበው ሲወጡ የተዘረጉትን ጥላዎች አንድ በአንድ ታያለች። ቀዩ ወደ ሐምራዊ ሄዷል፤ ወርቃማው ዘርፍ ተበጣጥሷል፤ አዲስ ደግሞ በየዓመቱ ይጨመራል። የእሷን ለይታው አታውቅም።